የቀኙስ ጎማ ይዞር ነበር?

አንድ ሰው ከአባቱ መኪና ወረሰ።

መሬት አልደረሰውም፣ ቤት አልደረሰውም፤ መኪና ደረሰው። በዚያ ዘመን፣ በእኛ አገር፣ መኪና መውረስ ምን ማለት እንደነበር ከመካከላችሁ ሽበት ያላችሁ ታስታውሳላችሁ። ወጣቶቹ ግን የምታውቁት አስፋልቱን ነው። ዛሬ ከዱራሜ ተነስታችሁ የያዛችሁት ዳቦ ሳይቀዘቅዝ እዚህ ትደርሳላችሁ። ያኔ ክረምት ከገባ ይሄ መንገድ ቀይ ጭቃ ነበር። ጫማችንን በእጃችን ይዘን ነበር ለአምልኮ የምንመጣው። እዚያ በሩ አጠገብ የእግር መታጠቢያ በርሜል ነበረ፤ ዲያቆናቱ ውሃ ይሞሉት ነበር። ትዝ ይላችኋል? እኔ አንዳንዴ ያ በርሜል ይናፍቀኛል። ተራ ጠብቀን እግራችንን ስንታጠብ ስንቱን ነገር እናወራ ነበር።

ሰውየው ኤርጫፎ ይባላል። ስሙን የምጠራው እሱንም ቤተሰቡንም አስፈቅጄ ነው።

አባቱ አቶ ሄራሞ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። ታላቁ ላምቤቦ፣ ታናሹ ኤርጫፎ። በመካከላቸው አሥራ ሁለት ዓመት አለ። ኤርጫፎ ወንድሙን «ጋሼ» እያለ፣ ጫንቃው ላይ እየተቀመጠ ነው ያደገው። አባታቸው ሲሞት መሬቱን ላምቤቦ ወሰደ፤ የሚያርሰው እሱ ነበርና። መኪናዋን ኤርጫፎ ወሰደ፤ መንዳት የሚችለው እሱ ነበርና። ሽማግሌ እንኳ አላስቀመጡም። እንዲህ ተካፍለው ሲጨርሱ አብረው ራት በሉ።

መኪናዋን የሚያውቋት እዚህ አሉ፤ ፈገግ ሲሉ እያየኋቸው ነው። አረንጓዴ ነበረች፣ ኋላዋ ክፍት፣ ለጭነት የሚሆን። አሁን ከራሳችን በላይ ያለው ቆርቆሮ በእሷ ነው የመጣው። ሙሽራ አምጥታለች፣ ቆጮ ጭናለች፣ አስከሬን ወስዳለች። ለኮንፈረንስ ስንሄድ መዘምራኑ ከኋላ ቆመው እየዘመሩ ነበር የሚጓዙት፤ ጉድጓድ ስትገባ ዜማው ይቆረጣል፣ ስትወጣ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዳገቱን ስትይዝ ድምፅዋን ከሦስት መንደር ማዶ እናውቀው ነበር።

ላምቤቦ ቁልፉን ለወንድሙ ሲሰጠው አንድ ነገር ነገረው። «ኤርጫፎ፣ የዚች መኪና ኋላ ተራ አይደለም። አንዱ ጎማ ቢንሸራተት ሌላው ያወጣሃል። አባታችን የገዛትም ለዚህ ብሎ ነው። ጭቃ ውስጥ እመናት።»

ስለ መኪና የማታውቁ እንዳትቸገሩ ነገሩን በአጭሩ ላስረዳችሁ። ከመኪና ሥር፣ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መካከል፣ ትንሽ ድስት የሚያክል ክብ ብረት አለ። ዲፈረንሻል ይሉታል። የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ ጎማዎች የሚያካፍለው እሱ ነው። ተራው ዓይነት አንዱ ጎማ ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ጉልበቱን ሁሉ ለሚንሸራተተው ያፈስለታል፤ ደረቅ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ ያያል። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ሁለቱን ጎማዎች አያይዞ የሚያዞር። አንዱ ሲያቅተው ሌላው ይጎትታል። ከውጭ ሲታዩ ግን ሁለቱም ያው ክብ ብረት ናቸው። ደረቅ መንገድ ላይም ያው ናቸው።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ እናታቸውን እማማ ዱባለችን ሆዳቸውን አመማቸው። የዋዛ ሕመም አልነበረም። ኤርጫፎ አቅፎ ጋቢናው ውስጥ አስገባቸውና ወደ ሆስፒታል ተነሳ። ላምቤቦ ማሳ ላይ ነበር፤ ሰው ተላከበት። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ወንዙ ጋ ሳይደረስ ያለችው ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ጭቃ ውስጥ ገባች። ገብታም ቀረች።

እኔ እዚያ ነበርኩ። ያኔ ወጣት ወንጌላዊ ነኝ፤ ከጉብኝት ስመለስ ደረስኩ። ስምንት ሰዎች ሆነን ከኋላ ገፋን። እኔ የያዝኩት የቀኙን ማዕዘን ነበር። ሞተሩ ሲያጓራ ጭቃው ከእግሬ እስከ ራሴ አለበሰኝ፤ ዐይኔን መግለጥ እስኪያቅተኝ ድረስ። ገፋን፣ ድንጋይ አነጠፍን፣ ቅጠል አነጠፍን። ንቅንቅ አላለችም። ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ሁለት ጥንድ በሬ አምጥቶ ጎትቶ አወጣት።

እማማ ዱባለች ሆስፒታል ደረሱ። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ አረፉ።

የእኛ ሰው ለቅሶ እንደሚያውቅ ታውቃላችሁ። ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። በሦስተኛው ቀን ኤርጫፎ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ወንድሙ ሄደና ጎንበስ ብሎ በጆሮው አንድ ነገር ተናገረ። ያጽናናው መስሎን ነበር። የተናገረው ግን፣ ከዓመታት በኋላ እንደሰማሁት፣ እንዲህ ነበር፦ «መኪናዋን ስትሰጠኝ ላልከኝ ነገር እግዚአብሔር ይይልህ።»

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አልተነጋገሩም።

ዘጠኝ ዓመት፣ ወገኖቼ። እዚሁ ቤት ውስጥ። አንዱ እዚያ ከፊት፣ አንዱ እዚያ ከኋላ በር አጠገብ ይቀመጡ ነበር። የጌታን እራት ከአንድ ሳሕን ቆርሰው ይወስዳሉ፤ ሳሕኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪደርስ በመካከል አርባ ሰው አለ። ሰርግ ሲኖር አንዱ በጠዋት ይመጣል፣ ሌላው ከሰዓት። ላምቤቦ የዚያችን መኪና ድምፅ ሲሰማ መንገዱን ለቆ እንሰት ውስጥ ይገባ ነበር። እኛ ምን አልን? ንቀት ነው አልን። የውርስ ጠብ ነው አልን፤ መሬቱ ቆጭቶት ነው፣ መኪናዋ ቆጭታው ነው አልን። ሁላችንም ምክንያቱን እናውቅ ነበር። ማናችንም አልጠየቅንም።

እኔም ካልጠየቁት አንዱ ነኝ። በእነዚያ ዓመታት የሁለቱንም ቤት እጎበኝ ነበር። በላምቤቦ ቤት ስለ ሰላም ጸልያለሁ። በኤርጫፎ ቤት ስለ ሰላም ጸልያለሁ። በሁለቱም ቤት ጸለይኩ፤ በአንዱም ቤት አልጠየቅኩም።

በዘጠነኛው ዓመት ኤርጫፎ መኪናዋን ሊሸጥ ተነሳ። ከሐላባ አንድ የበርበሬ ነጋዴ መጣ። ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ሞተሩን አየ፣ ጎማውን አየ፣ ከዚያ «ኋላዋ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ኤርጫፎ አላመነታም። ተራ እንደሆነ፣ ለእሱ ሌላ ነገር ተነግሮት እንደነበር፣ እሱ ግን ማንንም እንደማያታልል ነገረው። ነጋዴው ሁለቱንም መስማት አልበቃውምና መኪናዋን ጋሽ ሸምሱ ጋራዥ ይዘዋት ሄዱ።

ጋሽ ሸምሱን የምታውቁ ነፍሳቸውን ይማር በሉ። ጋራዣቸው የነበረበት ቦታ ዛሬ የሞባይል ሱቅ ሆኗል። የስልጤ ሰው ነበሩ፣ ጥቂት የሚናገሩ፣ ብዙ የሚሠሩ። የቤተ ክርስቲያናችንን መኪና ሲጠግኑ «ለአምላክ ቤት ነው» እያሉ ከሁሉ አስቀድመው ነበር የሚጠግኑልን። ነጋዴውና ኤርጫፎ ሁለቱም በየፊናቸው ሲነግሯቸው ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ወሬውን ተዉት። እናነሳታለን፤ ራሷ ትነግረናለች» አሉ።

ከፊት ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረጉ። ከኋላ በሁለት ክሪክ ሁለቱንም ጎማዎች ከመሬት አነሷቸው። ከማርሽ አወጧት፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቁ። ከዚያ የግራውን ጎማ በእጃቸው ይዘው ከማዞራቸው በፊት ኤርጫፎን ወደ ቀኙ ጎማ ላኩት። «እሱን እይልኝ» አሉት። «ተራ ከሆነ እኔ ወደ ፊት ሳዞር ያንተኛው ወደ ኋላ ይዞራል። ተራ ካልሆነ ተከትሎኝ ይመጣል።»

ኤርጫፎ ቁጢጥ ብሎ ተመለከተ። ጋሽ ሸምሱ አዞሩ።

የቀኙ ጎማ ወደ ፊት ዞረ።

ደግመው አዞሩ። ደግሞ ተከተለ። ወደ ኋላ መለሱት፤ አብሮ ተመለሰ።

ነጋዴው ደስ አለው። ጋሽ ሸምሱ ግን የኤርጫፎን ፊት አይተው እጃቸውን ከጎማው ላይ አነሱ። ተራ ነው ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁት። እሱው እንደሆነ ነገራቸው። አንስቶ አይቶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። አያውቅም። ኤርጫፎ ራሱ ወደ ግራው ጎማ መጣና ተንበርክኮ በእጁ አዞረው፤ ባሻገር ያለው ጎማ ሲታዘዘው አየ። ያ ሁሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላወጣችኝም?» አለ፤ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ።

ጋሽ ሸምሱ ነገሩን ከጠየቁት በኋላ አስረዱት። ሁለቱም ጎማዎች ከሰጠሙ፣ ሆዷም ጭቃው ላይ ከተቀመጠ፣ የትኛውም ዓይነት ዲፈረንሻል አያወጣም። ኤርጫፎ አንዱ ጎማ ቆሞ እንደነበር ነገራቸው። ያን ጊዜ ጋሽ ሸምሱ አንድ ጥያቄ ጠየቁት፤ «አይተኸዋል?»

አላየውም ነበር። መሪውን ይዞ ተቀምጦ ነበር። የቀኙ መስታወት ከተሰበረ ቆይቶ ነበር። ያየው በግራው መስታወት የግራውን ጎማ ነው፤ ሲሽከረከር፣ ጭቃ ሲረጭ፣ መኪናዋ ግን ንቅንቅ ሳትል። የቀረውን በልቡ ሞላው። እናቱ ከጎኑ እያቃሰቱ ነበርና ወርዶ የሚያይበት ልብ አልነበረውም። ማን ይፈርድበታል?

ከጋራዡ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። እኔ እዚህ ግቢ ውስጥ አጥር እጠግን ነበር። ሰላምም አላለኝ። እጁ በግራሶ ጠቁሯል።

«ወንጌላዊ፣ ያን ቀን ከኋላ ስትገፉ አንተ በቀኝ በኩል ነበርክ። የቀኙስ ጎማ ይዞር ነበር?»

«ይዞር ነበር እንጂ» አልኩት። «ያለበሰኝ ጭቃ ከየት መጣ? ሁለቱም ይዞሩ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያቃጥለኝ ጀመር። እኔስ ለምን አልጠየቅኩትም? ዘጠኝ ዓመት ሻዩን እየጠጣሁ፣ እግዚአብሔር ሰላም እንዲያወርድ እየለመንኩ፣ «ኤርጫፎ፣ ከወንድምህ ጋር ያጣላችሁ ምንድነው?» ማለት ምን ያህል ይከብድ ነበር? መልሱን ይዤው ስዞር የኖርኩት እኔ ነበርኩ። የእረኛ ሥራ ተሰጥቶኝ የአላፊ አግዳሚ ሥራ ሠራሁ።

አብረን ወደ ላምቤቦ ቤት ሄድን። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀርቀሃ ይሰነጥቅ ነበር። ወንድሙን ሲያይ ቢላውን አስቀመጠ። ኤርጫፎ እግሩ ላይ ወደቀና ጋራዥ ውስጥ ያየውን እዚያው መሬት ላይ ሆኖ ነገረው። «ጋሼ፣ እውነት ነበር የነገርከኝ» አለው።

ላምቤቦ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት ያለ ጥፋቱ የተቀጣ ሰው ቢቆጣ አይገርምም። ቀስ ብሎ የተናገረው ግን ሌላ ነበር።

«እኔ ደግሞ አባታችን ተታሎ ነው ብዬ ነበር። መኪና አላውቅም። እሱ የነገረኝን ነው የነገርኩህ። አንተ እንደዚያ ስትለኝ፣ ውሸት ሳላውቅ አቀብዬህ እናቴን ጭቃ ውስጥ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ መንገድ የምለቀው እሱን መስማት አቅቶኝ ነው።»

ሰማችሁ? እኛ ንቀት ያልነው ይሄ ነበር።

ከዚያ ላምቤቦ ወንድሙን አስነሳው፤ አጠገቡም አስቀመጠውና እንዲህ ሲል ጠየቀው። «እማዬ መንገድ ላይ ምን አለች?»

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቀው ሰው አጥቶ ነበር። እናቱ በዚያች ጋቢና ውስጥ ሆነው ምን እንዳሉ የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ አያናግረውም።

ኤርጫፎ ነገረው። «ጭቃው እንደያዘን ነው። ‹ላምቤቦ ሰምቷል?› አለችኝ። ‹ተልኮበታል፤ ይመጣል› አልኳት። ‹በእግሩ እንዳይከተለን። ደረቱን ያመዋል፤ ዝናብ አይምታው፤ ልጄን ተመለስ በሉልኝ› አለች። ላንተ የተላከ ነበር ጋሼ። አላደረስኩልህም።»

ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደዚያ ሲያለቅሱ ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። የላምቤቦ ባለቤት ከውስጥ ወጥታ ነገሩ ሳይገባት አብራቸው አለቀሰች።

መኪናዋ አልተሸጠችም። ነጋዴው ምክንያቱን ሲሰማ ምንም ሳይከራከር ወደ ሐላባ ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ ያ የምናውቀው ድምፅ ከዳገቱ ሲመጣ፣ ላምቤቦ ጋቢናው ውስጥ፣ እናቱ በተቀመጡበት ወንበር ተቀምጦ አየነው። ዝማሬ ላይ ነበርን። መዘምራኑ አልቀጠሉም፤ መቀጠል አልቻሉም። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረው ኖሩ። ጥሩ ዓመታት ነበሩ። በመጨረሻ ያ ደረቱ ላምቤቦን ወሰደው። ዛሬ ኤርጫፎ ሸምግሏል፤ መኪናዋም በግቢው ቆማለች፣ ዶሮዎች ያድሩባታል። ስጠይቀው የሚያወራኝ ስለ ስድስቱ ዓመታት ነው። አንዳንዴ ግን ይቆጥራል። ዘጠኝና ስድስት አሥራ አምስት ሊሆን ይችል ነበር ይለኛል።

ወገኖቼ፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

አንድ ቀን ኤርጫፎ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ፦ «ያን ቀን ተራ ሆኖ ቢገኝስ?» መኪናዋ ስትነሳ ጎማው ወደ ኋላ ቢዞርስ ኖሮ? አሰብኩበት። እናንተም አስቡበት። ያኔም ላምቤቦ አልዋሸም። የሰማውን ነው የተናገረው። ኤርጫፎ ሄዶ ቢጠይቀው ያኔም የሚያገኘው ንጹሕ ወንድም ነበር። ሄዶ አለመጠየቁ ነው ሁለቱንም ያሰራቸው።

እናንተስ? ስለ እህታችሁ እርግጠኛ የሆናችሁበት ነገር አለ? ስለ ጎረቤታችሁ፣ ስለ አማታችሁ፣ ስለ ልጃችሁ፣ ስለ ቀድሞ ባልንጀራችሁ? ማን ነገራችሁ? አያችሁት? ሙሉውን አያችሁት ወይስ ከተቀመጣችሁበት የሚታየውን? ሄዳችሁ ጠየቃችኋቸው? ወይስ እንደ እኔ ዝም ብላችሁ ጸለያችሁላቸው?

ጥፋተኛ የለም አልልም። በእውነት የበደላችሁ ሰው ሊኖር ይችላል። ሄዳችሁ ስትጠይቁ እውነትም በድሎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያም ቢሆን ማወቅ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ይቅር የምትሉት ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ያላወቁትን እንዴት ይቅር ይላሉ?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የተጣላችሁት ሰው ሊሰማው የሚገባ ቃል በእጃችሁ አለ። እናት ያለችው ይሆናል፣ አባት የተናዘዘው ይሆናል። ከእናንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ያ ሰው ደግሞ እዚሁ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል፤ በመካከላችሁ አርባ ሰው አለ።

ዛሬ የመዝጊያውን ጸሎት እኔ አልጸልይም። መዘምራኑም ይቆዩ። ሁላችንም ዐይናችንን እንጨፍን፤ እኔም እጨፍናለሁ። ማን ተነስቶ ወደ ማን እንደሄደ አናይም። የእግር ኮቴ ከሰማን ግን አሜን እንላለን።